የኤስኤቲን ፈተና አሠራር እንዴት መረዳት ይቻላል?

በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ የሚሰጠውን አፕቲትዩድ ተማሪዎች «ሳት» እያሉ ስለሚጠሩት፣ ወደ አሜሪካ ኮሌጆች ለማመልከት የሚወሰደውን ኤስኤቲም ከዚያው የሚቆጥሩት ጥቂት አይደሉም። ይህኛው በኮሌጅ ቦርድ የሚዘጋጅ ሲሆን፣ ከአሜሪካ ውጭ ከ2023፣ በአሜሪካ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኮምፒውተር የሚሰጥ ፈተና ነው።

በመጀመሪያ ቅርጹን ይወቁ። የንባብና ጽሕፈት ክፍሉ 54 ጥያቄዎች በ64 ደቂቃ፣ የሒሳቡ 44 ጥያቄዎች በ70 ደቂቃ ይሠራሉ። እያንዳንዱ ክፍል ከ200 እስከ 800 ነጥብ ስለሚያስገኝ ጠቅላላ ውጤቱ ከ400 እስከ 1600 ነው።

ቀጥሎ ብሉቡክ የተባለውን መተግበሪያ በነጻ ያውርዱና ከመለማመጃ ፈተናዎቹ አንዱን ሰዓት ይዘው፣ ሳያቋርጡ ይሥሩ። ፎቶ ኮፒ እየተደረጉ የሚሸጡትን የቀድሞውን የወረቀት ፈተና መጻሕፍት እኔ አልመክርም፤ ረጃጅም ምንባቦቻቸውም ሆኑ ካልኩሌተር የሚከለክለው የሒሳብ ክፍላቸው ዛሬ የሉም። አሁን አንድ አጭር ምንባብ የሚከተለው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ዴስሞስ የተባለው የግራፍ ካልኩሌተርም በሒሳቡ ጊዜ ሁሉ ከስክሪኑ አይጠፋም።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው በሦስተኛው እርምጃ፣ ማለትም የሞጁሎቹን ነገር በመረዳቱ ላይ ነው። እያንዳንዱ ክፍል እኩል ጥያቄ ባላቸው ሁለት ሞጁሎች የተከፈለ ነው። የመጀመሪያው ቀላሉንም ከባዱንም ቀላቅሎ ያቀርባል፤ ፕሮግራሙም ተፈታኙ በዚያ ያሳየውን ብቃት አይቶ፣ ሁለተኛውን ሞጁል ከበድ ወይም ቀለል ያለ አድርጎ ይሰጠዋል። ቀለል ያለው የደረሰው ሰው ሁሉንም በትክክል ቢመልስ እንኳ ከፍተኛውን ውጤት ሊያገኝ አይችልም።

እኔ ይህን ሳላውቅ በተፈተንኩበት ቀን፣ በመጀመሪያው የሒሳብ ሞጁል ከአንድ የክብ ጥያቄ ጋር እልህ ተጋብቼ ሰባት ደቂቃ ስላጠፋሁ፣ የመጨረሻዎቹን አራት ጥያቄዎች ሳልነካቸው ሰዓቱ አለቀ። ሁለተኛው ሞጁል ቀለል ብሎ ሲመጣልኝ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ፤ ለምን እንደቀለለልኝ የገባኝ ውጤቴን ያየሁ ቀን ነው።

ስለዚህ ለ22ቱ የሒሳብ ጥያቄዎች የተሰጠው 35 ደቂቃ ለአንዱ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ብቻ እንደሚያደርስ አስበው፣ እምቢ ያለውን ምልክት አድርገውበት ይለፉ። ሞጁሉ እስኪዘጋ ድረስ መመለስ ይቻላል፤ ከተዘጋ በኋላ ግን አይቻልም። በንባብና ጽሕፈቱ የሰዋስው ጥያቄዎች የሚገኙት ወደ ኋላ ስለሆነ፣ በሰዋስው የሚተማመን ሰው ከዚያ ቢጀምር ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ባዶ የሚተው ጥያቄ አይኑር። ለተሳሳተ መልስ ሩብ ነጥብ የሚቀነሰው እስከ 2016 እ.ኤ.አ. በነበረው ፈተና ነው፤ «ካላወቅህ አትገምት» የሚለው የታላላቆቻችን ምክር የመጣውም ከዚያ ነው። በየሞጁሉ ነጥብ የማይያዝባቸው ሁለት የሙከራ ጥያቄዎች ስላሉ፣ እንግዳ ነገር ሲገጥምዎ አይደናገጡ።

ሲመዘገቡ ስምዎን በመታወቂያ ሰነድዎ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይጻፉ፤ በፈተናው ቀን ላፕቶፕዎን ሞልተው ይሂዱ፤ በመካከል ባለው የ10 ደቂቃ ዕረፍትም አይክደኑት።