በአዳማ ግቢ ውስጥ የመጀመሪያ አንቴና፦ የ14 ሜጋኸርዝ ዳይፖል አሠራር

ወደ አማተር ሬዲዮ፣ ማለትም ለትርፍ ሳይሆን ለፍላጎት ወደሚደረግ የሬዲዮ ግንኙነት፣ አዲስ የሚገባ ሰው ብዙ ጊዜ ገንዘቡን በሬዲዮው ላይ ጨርሶ ለአንቴና የተረፈውን ይሰጣል። መሆን ያለበት ግን ተቃራኒው ነው። በትክክል ተለክቶ 9 ሜትር ላይ የተሰቀለ ሽቦ በ10 ዋት የሚያደርሰውን፣ አጥር ላይ የተጣለ ሽቦ በ100 ዋትም ላያደርሰው ይችላል። ጥሩ አንቴና ደግሞ ለመላክ ብቻ ሳይሆን ለመስማትም ይጠቅማል። ዋት የሚጨምረው የመላኩን ጎን ብቻ ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር፦ በኢትዮጵያ በአማተር ሞገዶች ለማስተላለፍ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። ያለ ፈቃድ የማስተላለፊያውን ቁልፍ አትጫኑ። እዚህ የተጻፈውን ሥራ ሠርታችሁ በመቀበያ ብቻ መፈተን ትችላላችሁ።

ርዝመቱ ከየት ይመጣል?

የሞገድ ርዝመት በሜትር ሲፈለግ 300 በሜጋኸርዝ ይካፈላል። ለ14.2 ሜጋኸርዝ 21.1 ሜትር ይሆናል። ዳይፖል የዚህ ግማሽ ነው፤ መሃሉ ላይ ተቆርጦ ገመድ የሚገባበት ሽቦ ማለት ነው። ሽቦው ግን ውፍረት ስላለው፣ ጫፎቹም ከኢንሱሌተር (ኤሌክትሪክ ከማያስተላልፈው መያዣ) እና ከአካባቢው ጋር በኤሌክትሪክ ስለሚተሳሰሩ፣ ከስሌቱ ግማሽ በ5 በመቶ ገደማ ማጠር አለበት። ስለዚህ 143ን በሜጋኸርዝ ማካፈል ይሻላል፤ ለ14.2 ሜጋኸርዝ 10.07 ሜትር፣ እያንዳንዱ ክንፍ 5.03 ሜትር ይመጣል። በዚሁ ስሌት ለ7.1 ሜጋኸርዝ 20.1፣ ለ21.2 ሜጋኸርዝ 6.75፣ ለ28.4 ሜጋኸርዝ 5.04 ሜትር ነው።

በፕላስቲክ የተሸፈነ የቤት መስመር ሽቦ ከሆነ ሽፋኑ ሞገዱን ስለሚያዘገየው ከ2 እስከ 4 በመቶ ተጨማሪ ያጥራል። ቢሆንም ከመጀመሪያው አሳጥራችሁ አትቁረጡ። ረጅምን ማሳጠር ቀላል ነው፤ አጭርን መቀጠል ግን ደካማ መጋጠሚያ ይፈጥራል።

የሚያስፈልገው

ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ 11 ሜትር፤ ለእያንዳንዱ ክንፍ 5.50 ሜትር፣ ከዚህ ውስጥ 25 ሳንቲ ሜትሩ ለመታጠፊያ ነው። ለኢንሱሌተር የፕላስቲክ መክተፊያ ይበቃል፦ ለመሃል 10 በ6 ሳንቲ ሜትር፣ ለጫፎቹ ሁለት 8 በ3 ሳንቲ ሜትር ቁራጮች። ነጭ መክተፊያ በፀሐይ ስለሚሰነጠቅ በየዓመቱ ፈትሹት። በተጨማሪ የናይለን ወይም የፖሊስተር ገመድ፣ ሁለት አይዝጌ ቡሎን ከነዳዶና ሮንዴላው፣ ናስትሮ፣ 100 ኪሎ ኦም ባለ 2 ዋት ሬዚስተር፣ እንዲሁም 40 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የ110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ።

ከአንቴናው ወደ ሬዲዮ የሚወርደው ገመድ ባለ 50 ኦሙ አርጂ 58 ቢሆን ጥሩ ነው። ካልተገኘ ዲሽ ተካዮች የሚጠቀሙበት ባለ 75 ኦሙ አርጂ 6 በሚገባ ይሠራል። የዳይፖል መሃል በተፈጥሮው ወደ 70 ኦም ስለሚጠጋ፣ በሬዲዮው በኩል የሚታየው ኤስ ደብሊው አር (ከአንቴናው ተመልሶ የሚመጣውን ኃይል የሚያሳይ ቁጥር፤ 1 ሲሆን ምንም አይመለስም) ከ1.5 ብዙ አያልፍም። የአርጂ 6 መረብ (መሃለኛውን ሽቦ ከውጭ የከበበው የተጠላለፈ ክር) ግን አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ስለሆነ ሊድ አይዘውም፤ በሮንዴላ መሃል ጨምቆ በቡሎን ማሰር ያስፈልጋል።

መገጣጠም

በመሃለኛው ኢንሱሌተር ላይ ሁለቱን ቡሎኖች 5 ሳንቲ ሜትር አራርቁ። ሽቦው መጀመሪያ በቀዳዳ አልፎ በራሱ ላይ ይጠመዘዝ፤ ክብደቱን የሚሸከመው ቀዳዳው እንጂ ቡሎኑ መሆን የለበትም። የገመዱ መሃል ሽቦ ወደ አንዱ ቡሎን፣ መረቡ ወደ ሌላው ይታሰር። ከመረቡ አንዲት ክር እንኳ ወደ መሃሉ ሽቦ እንዳትነካ በቴስተር አረጋግጡ። ከዚያ ሬዚስተሩን በሁለቱ ቡሎኖች መካከል አያይዙ። በበጋ የአዳማ ደረቅ ነፋስና አቧራ ሽቦውን በኤሌክትሪክ ሊሞላው ይችላል፤ ሬዚስተሩ ያንን ክምችት ቀስ ብሎ ያወርዳል፣ የመቀበያውን መግቢያም ከጉዳት ያድናል።

የገመዱ ጫፍ ላይ ጊዜ አጥፉ። ውሃ ከገባበት በመረቡ ውስጥ እየሰረገ ሜትሮችን ወደ ታች ይጓዛል፤ ገመዱም ከዚያ በኋላ አይድንም። ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን መዳብ ይበላልና አትጠቀሙ። ከብስክሌት ከመነዳሪ 2 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጥብጣብ ቆርጣችሁ፣ እየወጠራችሁ ከታች ወደ ላይ ጠቅልሉት፤ በላዩ ናስትሮ ይምጣ። ከታች መጀመር ያለበት እያንዳንዱ ዙር የታችኛውን እንዲሸፍንና ውሃው እንዲንሸራተት ነው።

ከመሃለኛው ኢንሱሌተር ሥር ገመዱን በፒቪሲ ቱቦው ላይ 7 ጊዜ ጎን ለጎን ጠምጥሙት፤ 2.5 ሜትር ያህል ይወስዳል። ይህ ጥምጥም ከሌለ የመረቡ ውጫዊ ገጽ ራሱ የአንቴናው ሦስተኛ ክንፍ ይሆናል፦ ማይክሮፎኑን ስትነኩ ይቆነጥጣል፣ የቤቱ መብራትና ቻርጀር ጫጫታ በገመዱ ወጥቶ ወደ መቀበያው ይገባል፣ ገመዱን ባንቀሳቀሳችሁ ቁጥርም ልኬቱ ይለዋወጣል።

መስቀል

ጠባብ ግቢ ላለው ሰው የምንመክረው የተገለበጠ ቪ ነው፤ አንድ ምሰሶ ብቻ ይፈልጋል። 6 ሜትርና 5 ሜትር የሆኑ ሁለት የባህር ዛፍ አጠናዎችን 1 ሜትር አደራርቡና በሁለት ረጃጅም ቡሎኖች እሰሩ። 1 ሜትሩ ሲቀበር 9 ሜትር ይተርፋል። የሚቀበረውን ክፍል ምስጥ እንዳይበላው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቡት። ምሰሶው በሦስት አቅጣጫ በገመድ ይወጠር።

መሃሉ ከጫፉ ላይ ይሰቀል፣ ክንፎቹ ወደ ሁለት ጎን ይውረዱ፤ በመካከላቸው ያለው ማዕዘን ከ90 ዲግሪ አይነስ፣ 120 ይመረጣል። በ120 ዲግሪ ጫፎቹ 6.5 ሜትር ገደማ ላይ ይቀራሉ። ሲተላለፍ ከፍተኛው ቮልቴጅ ያለው ጫፎቹ ላይ ስለሆነ ከሰው እጅ መራቅ አለባቸው። ከቆርቆሮ ጣሪያም ቢያንስ 2 ሜትር ይራቁ፤ ወደ ጣሪያው በተጠጉ ቁጥር ልኬቱ ይዛባል።

የኤሌክትሪክ መስመር ባለበት በኩል ምሰሶ አትትከሉ። ቢወድቅ መስመሩን በምንም መንገድ መንካት እንዳይችል ርቀቱ ከምሰሶው ቁመት አንድ ተኩል እጥፍ በታች መሆን የለበትም። ሽቦውን ከመስመር በላይም ሆነ በታች ማሳለፍ ፈጽሞ አይሞከርም፤ ሰው የሚገድለው ይህ ነው።

የአዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ ባለ 51ና ባለ 153 ሜጋ ዋቶቹ፣ እዚህ የተተከሉት ነፋሱ ስለሚበረታ ነው፤ አንቴናችሁም ያንኑ ነፋስ ይቀበላል። የአንዱን ክንፍ ጫፍ የሚይዘውን የናይለን ወይም የፖሊስተር ገመድ በፑሊ አሳልፋችሁ፣ 4 ኪሎ የሚሆን አሸዋ የያዘ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን አንጠልጥሉበት። ነፋሱ ሲገፋ ጀሪካኑ ከፍ ይላል እንጂ ሽቦው አይበጠስም። ሁለቱንም ጫፍ አጥብቆ ማሰር ለስላሳውን መዳብ ይስበዋል፤ ሽቦው ሲረዝም ደግሞ ድግግሞሹ ይወርዳል።

አቅጣጫውን በሚመለከት፣ ዳይፖል አብዝቶ የሚልከው ወደ ሁለቱ ጎኖቹ ነው። ከአዳማ ወደ አውሮፓ ሰሜን ምዕራብ ስለሆነ፣ ሽቦው ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ቢዘረጋ ጎኑ ወደዚያ ይዞራል። ግቢው ካልፈቀደ አትጨነቁ፤ በ9 ሜትር ከፍታ ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም።

መለካትና ማስተካከል

ናኖ ቪኤንኤ (አነስተኛ የአንቴና መለኪያ መሣሪያ) ወይም ኤስ ደብሊው አር ሜትር ተጠቅማችሁ ኤስ ደብሊው አሩ ዝቅ የሚልበትን ድግግሞሽ ፈልጉ። ለምሳሌ በ5.25 ሜትር ክንፍ ዝቅተኛው 13.3 ሜጋኸርዝ ላይ ቢገኝ፣ 5.25 በ13.3 ተባዝቶ ለ14.2 ሲካፈል 4.92 ሜትር ይመጣል፤ ከየክንፉ 33 ሳንቲ ሜትር ይቀነሳል ማለት ነው። በአንድ ጊዜ አትቁረጡት። መጀመሪያ 25 ሳንቲ ሜትሩን ቀንሱ፣ መልሳችሁ ስቀሉ፣ ለኩ፤ የቀረውን በራሱ ላይ በጥብቅ በማጠፍ አስተካክሉ። ሁለቱ ክንፎች ሁልጊዜ እኩል ይሁኑ፤ ልኬቱም በመጨረሻው ከፍታ ላይ ይወሰድ።

ኤስ ደብሊው አሩ በሁሉም ድግግሞሽ በጣም ከፍ ካለ፣ የተበጠሰ ወይም የተነካካ ነገር አለ። ገመዱን ከሬዲዮው ነቅላችሁ በቴስተር ለኩ፤ 100 ኪሎ ኦም ማሳየት አለበት። ዜሮ ከሆነ መረቡ ተነካክቷል፤ ገደብ የለሽ ከሆነ አንዱ ቡሎን ላልቷል። አታላዩ ጉዳይ ግን ሌላ ነው፦ ከ13 እስከ 15 ሜጋኸርዝ ድረስ ሁሉም 1.1 ሆኖ ምንም የማይሰማ ከሆነ፣ ገመዱ ውሃ ጠጥቶ ኃይሉን በሙቀት እያባከነ ነው። ዝቅተኛ ኤስ ደብሊው አር ለብቻው የጥሩ አንቴና ማስረጃ አይደለም።

የተሻለው ፈተና ጆሮ ነው። በ14.100 ሜጋኸርዝ 18 ዓለም አቀፍ ምልክት ሰጪ ጣቢያዎች በየተራ በ10 ሰከንድ ይሰማሉ፤ ዙሩ በ3 ደቂቃ ያልቃል። አንዱ ኬንያ ውስጥ ነው። መቀበያችሁን በዩኤስቢ ስልት (የላይኛው ጎን ሞገድ መቀበያ ስልት እንጂ የኮምፒውተሩ ዩኤስቢ አይደለም) 14.0993 ላይ አድርጉት። እያንዳንዱ ጣቢያ መለያውን በሞርስ ከላከ በኋላ አራት ረጃጅም ድምፆች ያሰማል፦ በ100 ዋት፣ በ10፣ በ1 እና በ0.1 ዋት። ስንተኛውን ድረስ እንደሰማችሁ በየሰዓቱ መዝግቡ፤ ለአንቴናው ከዚህ የበለጠ ነጻ መለኪያ የለም።

ሌሎቹ ዓይነቶች

ከአዲስ አበባ ጋር ለመነጋገር 14 ሜጋኸርዝ አይመችም፤ 100 ኪሎ ሜትሩ ለሰማይ ሞገዱ (ከላይኛው ከባቢ አየር ተመልሶ ለሚወርደው ሞገድ) በጣም ቅርብ ስለሆነ ሞገዱ ከላይ ዘልሎ ያልፋል። ለዚህ የ7 ሜጋኸርዝ ዳይፖል ከ5 እስከ 8 ሜትር ላይ ይሰቀል። ዝቅ ማለቱ ሞገዱን ወደ ላይ ያቀናዋል፣ በቀን ከላይ ተመልሶ በዙሪያው ላለው አካባቢ ይወርዳል።

ለ145 ሜጋኸርዝ ቀጥ ያለ የ49 ሳንቲ ሜትር ዘንግና ከሥሩ 51 ሳንቲ ሜትር የሆኑ አራት ዘንጎች ይበቃሉ። አራቱን በ45 ዲግሪ ወደ ታች ካጠፋችኋቸው ወደ 50 ኦም ይጠጋል፤ አግድም ከተዋቸው ወደ 36 ይወርዳል። እዚህ ላይ ገመዱ ወሳኝ ነው፦ 20 ሜትር አርጂ 58 በ145 ሜጋኸርዝ ከግማሽ በላይ ኃይል ይበላል፣ በ14 ሜጋኸርዝ ግን አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ። ያጊ፣ ማለትም በአንድ አግዳሚ ላይ የተደረደሩ ዘንጎች ያሉት አንቴና፣ በአንድ አቅጣጫ ኃይሉን ያሰባስባል፤ ግን የሚዞር ምሰሶ ስለሚፈልግ በሁለተኛው ዓመት ይታሰብ።

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ገመዱ ከቤት ውጭ የሚነቀልበት ቦታ ይኑረው። ነጎድጓድ ከሩቅ ከመሰማቱ በፊት፣ ሰማዩ ሲጠቁር፣ ነቅላችሁ ጫፉን ከግድግዳው ውጭ ተዉት። ነጎድጓዱ ከጀመረ በኋላ ግን ገመዱን አትንኩ።