ዓለም ጭንቅ ላይ እያለች በድመት ቪዲዮ መሳቅ ይቻላል? ይቻላል፤ ዘዴው ይኸውላችሁ

ማታ አልጋ ላይ ጋደም ብላችሁ ስልካችሁን ከፍታችኋል። መጀመሪያ የመጣው በቦምብ የፈረሰ ሕንፃ ነው፤ አንድ ሰውዬ ፍርስራሹን በባዶ እጁ ይምሳል። ጣታችሁ ገፋ አደረገችው። ቀጥሎ አንዲት ድመት ከቁም ሳጥን ላይ እዘላለሁ ብላ ተንሸራታ ዱብ ትላለች። ሳቃችሁ አመለጣችሁ። ከዚያ የጫማ ማስታወቂያ፣ ከዚያ ጎርፍ፣ ከዚያ የማታውቁት ሰው ሠርግ። ሳቁ ገና ከፊታችሁ ሳይጠፋ «እኔ ግን ምን ዓይነት ሰው ሆኛለሁ?» የሚል ነገር ሆዳችሁን ቆረጥ ያደርገዋል።

ምንም አልሆናችሁም። ሰው ከጥንትም እያዘነ ይስቃል፤ ቀብር ላይ እንኳ ቀልድ አይጠፋም። አዲሱ ነገር ሁለቱን በሰከንዶች ልዩነት እያፈራረቅን መጋታችን ነው። ድሮ የኢንተርኔት ገጽ ያልቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 አዛ ራስኪን የሚባል ዲዛይነር ማለቂያ የሌለውን ገጽ ፈለሰፈ፤ ኋላ ላይ እሱ ራሱ መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል። ስለዚህ ራሳችሁን መውቀስ ተዉና ሐዘኑንም ደስታውንም ለየብቻ ቦታ ስጧቸው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይሄንኑ እንዴት እንደምታደርጉት ነው።

ለጭንቀት ቀጠሮ ያዙለት

በግልጽ እንነጋገር፤ ዜና ማየት መርዳት አይደለም። ብዙዎቻችን ሳይታወቀን ዜና ላይ ተጥዶ መዋልን እንደ ግዴታ ቆጥረነዋል፣ ስልኩን ካስቀመጥነው የተጎዱትን የከዳናቸው ይመስለናል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ከንፈር ስንመጥ ብናመሽ ግን እዚያ ማዶ ላለው ሰው ጠብ የሚልለት ነገር የለም። እኛን ግን ይጎዳናል። እ.ኤ.አ. በ2013 የቦስተን ማራቶን ላይ ቦምብ ከፈነዳ በኋላ ተመራማሪዎች የሰዉን ጭንቀት ለክተው ነበር። በዚያ ሳምንት በቀን ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ስለ ፍንዳታው ሲከታተሉ የነበሩት ሰዎች፣ ቦታው ላይ ወይም አጠገቡ ከነበሩት እንኳ የባሰ የጭንቀት ምልክት ተገኘባቸው።

ስለዚህ ሰዓት ቁረጡ። ቶማስ ቦርኮቬክ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1983 ያቀረበው ዘዴ አለ፤ በጣም ቀላል ስለሆነ ሰው ይንቀዋል። በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ፣ ለ30 ደቂቃ ትጨነቃላችሁ። በሌላ ሰዓት ሐሳቡ ሲመጣ «አንተን ማታ» ትሉትና ወደያዛችሁት ሥራ ትመለሳላችሁ። እኔ ዜናውንም እዚያችው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ክተቱት ባይ ነኝ። አልጋ ላይ አይሁን፣ ልትተኙ ስትሉ አይሁን፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብላችሁ ይሁን። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ያነበባችሁትን ሁሉ አትጻፉ፤ «እኔ እዚህ ላይ የማደርገው ነገር አለ?» ብላችሁ ጠይቁና ካለ ያንን ብቻ ጻፉ። ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ባዶውን ይቀራል፤ ይቅር። አንዳንዴ ግን «የእገሌ ወንድም እዚያ አገር ነው፣ ልደውልለት» የሚል ይወጣል፣ እሱ ደግሞ ከመቶ ሼር ይበልጣል። ኖቲፊኬሽኑን ዝጉት። እውነት ዓለም ካበቃላት ጎረቤት ይነግራችኋል።

አንድ ችግር ምረጡ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይጣላኛል። ጦርነቱ፣ ረሀቡ፣ የአየር ንብረቱ፣ ስደቱ፣ ወረርሽኙ፣ ሁሉም የእናንተ ሊሆን አይችልም። ፖል ስሎቪክ የተባለ ተመራማሪ ይሄን ለዓመታት አጥንቶታል፤ የተጎጂው ቁጥር ሲጨምር ስሜታችን አብሮ አይጨምርም፣ እንዲያውም ይደነዝዛል። ለአንድ ልጅ ያለቀሰ ሰው የመቶ ሺህ ልጆች ዜና ሲመጣበት ዝም ብሎ ያልፈዋል። ክፉ ስለሆነ አይደለም፣ ጭንቅላታችን የሚችለው ይሄንኑ ነው።

እናም አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ጉዳይ ያዙ። በደንብ አንብቡት፣ ማን ምን እየሠራ እንደሆነ እወቁ። ከዚያ እናንተ ሙድ ባይኖራችሁም የሚቀጥል ነገር አድርጉ፤ ለምሳሌ በየወሩ ከሒሳባችሁ በራሱ የሚቆረጥ ገንዘብ፣ ትንሽም ቢሆን። ገንዘብ ከሌለ በወር አንድ ቅዳሜ የጉልበት ሥራ ይሁን፣ ደም መለገስ ይሁን። በራሱ የሚቆረጥ ያልኩት አለነገር አይደለም፤ አንጀታችን ሲበላ ብቻ የምንሰጥ ከሆነ ካሜራ ያልደረሰበት ቦታ ያለው ሰው ባዶ እጁን ይቀራል። ሌሎቹን ጉዳዮች ለሌሎች ተዉላቸው። የያዛቸው ሰው አለ፣ እናንተ ስላላያችሁት ነው።

የመረጣችሁትን ጉዳይ ስትከታተሉ ታዲያ የተሳካውንም ፈልጋችሁ አንብቡ፤ በራሱ ዜና ሆኖ አይመጣላችሁም። ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። በ1990 አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ ሕፃናት በዓመት ከ12 ሚሊዮን በላይ ነበሩ፣ በ2022 ግን ከ5 ሚሊዮን በታች ወርደዋል። ያም ቢሆን የሚያንገበግብ ቁጥር ነው። ቁጥሩ የወረደው ግን ክትባቱን በበረዶ ሳጥን ተሸክሞ የሄደ፣ ውኃ የቆፈረ፣ አዋላጅ ያሠለጠነ ሰው ስለነበረ ነው፤ ያ ሰውም ማታ ማታ ካርታ ተጫውቶ፣ ቀልዶ፣ ተኝቶ ይሆናል።

ደስታውን በሙሉ ልብ

ኳስ፣ ተከታታይ ድራማ፣ የጥፍር ቀለም፣ የዝነኞች ሐሜት፣ የማያስፈልግ ግን ያማረ ጫማ። እነዚህን በግማሽ ልብ አታድርጓቸው። አንድ ዓይን ኳሱ ላይ፣ አንድ ዓይን ዜናው ላይ ከሆነ ኳሱንም አላያችሁ፣ ለተጎዳውም አልደረሳችሁ። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡት። ደግሞ ሰበብ አትፈልጉለት፤ «ለአእምሮ ጤና ይጠቅማል»፣ «ነገ የበለጠ እንድሠራ ነው» እያላችሁ ራሳችሁን አታሳምኑ። ኳስ ማየት አማራችሁ፣ አያችሁ፣ በቃ።

«ሰው እየሞተ?» የሚለው ሐሳብ አሁንም ካለቀቃችሁ፣ እዚያው መከራ ውስጥ ያሉት ሰዎች ምን እንደሚያደርጉ ተመልከቱ። የቦስኒያ ዋና ከተማ ሳራዬቮ እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1996 በጦርነት ተከብባ ነበር፤ አልሞ ተኳሾች ውኃ ሊቀዳ የወጣውን ሰው ሳይቀር ይመቱ ነበር። በዚያው ከበባ መሐል፣ በ1993፣ የከተማዋ ሰዎች የቁንጅና ውድድር አዘጋጁ። ቆነጃጅቱ በዋና ልብስ መድረክ ላይ ተደርድረው «እንዲገድሉን አትፍቀዱላቸው» የሚል ትልቅ ጨርቅ ዘርግተው ቆሙ። ከበባው ሳያበቃ በ1995 ደግሞ የፊልም ፌስቲቫል ጀመሩ። ዮርዳኖስ ውስጥ በ2012 የተከፈተው የዛታሪ የሶርያ ስደተኞች ካምፕም ዋና የገበያ መንገዱ ላይ ፀጉር ቤት አለው፣ የሙሽራ ቀሚስ የሚያከራይ ሱቅ አለው። ቤቷን ጥላ የተሰደደች እናት ልጇን ስትድር ነጭ ቀሚስ ታማርጣለች። እሷ ያልተሳቀቀችውን እናንተ አንድ ግጥሚያ አየን ብላችሁ የምትሳቀቁት ለማን ነው?

ሥራቸው የዓለም ችግር የሆኑት ሰዎችም ያርፋሉ። የተባበሩት መንግሥታት አስቸጋሪ ቦታ ለሚያሠማራቸው ሠራተኞች፣ በየተወሰኑ ሳምንታት ከአካባቢው ወጥተው የሚያርፉበት አምስት የሥራ ቀን ይሰጣል። አስቡት፤ እነሱ እዚያው ሆነው ፈቃድ አላቸው፣ እኛ ሶፋ ላይ ሆነን ፈቃድ ከልክለናል።

ሰው ሲወቅሳችሁ

«በዚህ ጊዜ እንዴት እንዲህ ዓይነት ፎቶ ትለጥፊያለሽ?» የሚል አይጠፋም። አትከራከሩት። «ልክ ነህ፣ የምትረዳበት ቦታ ካለ ላክልኝ፣ እኔም ላግዝ» በሉት። ወይ ይልክላችኋል፣ እሰየው፤ ወይ ድምፁ ይጠፋል። እናንተም ግን አስተውሉ፤ ትናንት ወገኑን የቀበረ ሰው ያለበት ግሩፕ ላይ የጭፈራ ቪዲዮ አይላክም። ይሄ እንኳ ምክር አያስፈልገውም።

ችግሩ የእናንተው ሲሆን

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለሩቅ ችግር ነው። ጦርነቱ ያለው እናታችሁ ያለችበት ከሆነና ስልኳ ካልሠራ፣ የ30 ደቂቃ ቀጠሮ ቀልድ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በግድ መሳቅም መዝናናትም የለበትም፤ የሚያስፈልገው አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ነው፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ለሳምንታት ከጠፋ ደግሞ ሐኪም። እንዲህ ያለ ጓደኛ ካላችሁ ሂዱለት። «ምን አዲስ ነገር አለ?» ብላችሁ አትጀምሩ፣ አዲስ ነገር ካለ እሱ ይነግራችኋል። ካርታ ይዛችሁ ሂዱና «እንጫወት?» በሉት። እሺ ካለ ተጫወቱ፣ በጨዋታው መሐል ቢስቅ እንዳላያችሁ ሁኑ። እምቢ ካለ ካርታውን ኪሳችሁ ክተቱና ቁጭ በሉ፤ በሌላ ቀን ደግማችሁ ትጠይቁታላችሁ።