ባሕር ዳርን በክረምት በእግር፦ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

በክረምት ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው ጥቂት ነው። "ዝናቡ ይለፍና" ይባላል። የጣናን ዳር ይዞ እስከ ዓባይ ድልድይ በእግር ለመሄድ ግን እንደ እኔ ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም። አቧራ የለ፣ ግርግር የለ፣ ዘንባባው ታጥቦ ያበራል። ጉዞውን የሚያበላሹት በቀላሉ የሚቀሩ ስህተቶች ናቸው።

የመጀመሪያው ካፖርት ነው። ከደብረ ማርቆስ ወይም ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ሐምሌን በራሱ ሰፈር ብርድ ይለካዋል። ባሕር ዳር ከፍታዋ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ከማርቆስ 600 ሜትር ያህል ትወርዳለች። ዝናቡ ሲያባራ ይወብቃል። ወፍራሙን ጃኬት ብዙም ሳትርቁ አውልቃችሁ ትሸከሙታላችሁ። ጃንጥላና ጭቃ የሚችል ጫማ ይበቃል። ለፎቶ ብላችሁ ነጭ ስኒከር ካደረጋችሁ የምታስደስቱት ሊስትሮዎቹን ነው።

ከምሳ በኋላ መነሳትም አያዋጣም። ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላና ማታ ይወርዳል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከወጣችሁ እስከ 4 እና 5 ሰዓት ድረስ ደህና ጊዜ ታገኛላችሁ። ጀልባ ካማራችሁም ጠዋቱን ምረጡ። ጣና እጅግ ሰፊ ቢሆንም ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ቶሎ ይቆጣል።

ቅዱስ ጊዮርጊስን በአጥሩ ብቻ አይቶ ማለፍ ያስቆጫል። እዚያው አጠገብ ያለውን አሮጌ የድንጋይ ሕንፃ ፔድሮ ፓኤዝ አሠራው ይባላል። ፓኤዝ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የነበረ ስፔናዊ ኢየሱሳዊ ቄስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1618 ሰከላ ድረስ ሄዶ ግሽ ዓባይን አይቷል። ነጠላ ያዙ፤ ጸሎት ላይ ያለውን ሰው ፎቶ አታንሱ።

አሁን ወደ ዋናው ስህተት፦ ሙሉ ዓባይን በሐምሌ መጠበቅ። ሰው ዝናቡ በከባዱ በጀመረ በሳምንቱ ይመጣል፣ ድልድዩ ላይ ይቆማል፣ "ሞላ የተባለው ይሄ ነው እንዴ?" ይላል። ምክንያቱ ጣና ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ደፍርሰው እየጎረፉ ቢገቡም፣ ሐይቁ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ቀስ እያለ ነው ከፍ የሚለው። ዝቅ የሚለው ሰኔ ላይ፣ የሚሞላው መስከረም ላይ ነው። ያም ሆኖ ውኃው እንደ ድሮው እንደልቡ አይወጣም። መውጫው ላይ የጨራጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ አለ፤ በሩን ከፍቶ የሚዘጋው ሰው ነው። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ ከሐይቁ በዋሻ ውኃ ይወስዳል፤ ያ ውኃ ባሕር ዳርን አያይም። ስለዚህ ወንዙን ሞልቶ ማየት የሚፈልግ ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ ይምጣ። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ ጢስ ዓባይን ለማየትም ጊዜው ያኔ ነው። ከመውጣታችሁ በፊት ግን የመንገዱን ጸጥታ የከተማውን ሰው ጠይቁ።

እዚያው ድልድዩ ላይ የሚሰማ ሌላ ስህተት አለ። "ሱዳንና ግብጽ የሚደርሰው ይሄ ውኃ ነው" ይባላል። ከጣና የሚወጣው ግን ድንበር ከሚሻገረው የዓባይ ውኃ ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። በሽሎ፣ ጀማ፣ ሙገር፣ ጉደር፣ ዴዴሳ፣ ዳቡስ፣ ከጎጃም በኩልም በየሸለቆው የሚወርዱት ወንዞች ናቸው የሚያበዙት። ይህን ማወቅ የባሕር ዳሩን ዓባይ አያሳንሰውም፤ እንዲያውም ገና ብዙ መንገድ የሚጠብቀው ወንዝ እያያችሁ ነው።

አዲሱ ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 380 ሜትር የሚረዝመው ነው። ሳትጠይቁ ካሜራ አታውጡ፤ ጥበቃ ካለ መጀመሪያ ሰላም በሉት። በድሮው አከፋፈል ድልድዩን ከተሻገራችሁ ጎጃምን ለቃችሁ በጌምድር ገብታችኋል፤ የጎጃም ሰው አብሯችሁ ካለ ይህን ሳይነግራችሁ አያሳልፋችሁም።

ዳር ላይ ቁጭ ብሎ እግርን ውኃ ውስጥ መንከር ይቅር። ቢልሃርዚያ አለ። አመሻሽ ላይም ወንዙ ዳር ያለው ሣር ውስጥ አትግቡ። ጉማሬ ለግጦሽ የሚወጣው ያኔ ነው፤ በእሱና በውኃው መሐል ከቆማችሁበት ደግሞ አይምራችሁም።

አንድ ቀረ። ወባ የምትበረታው ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው፤ ሙሉውን ዓባይ ለማየት የመረጣችሁት ጊዜ የእሷም ጊዜ ነው። ሆቴል ስትይዙ ከዋይፋዩ በፊት አጎበሩን ጠይቁ፤ ሲመሽ እጅጌው ረጅም ልብስ ልበሱ። ተመልሳችሁ ትኩሳት ከተሰማችሁም "ዝናቡ መታኝ" ብላችሁ ሳትዘገዩ ተመርመሩ።