ወደ ልጅነት መጫወቻችሁ ስትመለሱ ዥዋዥዌው ላይ አትቀመጡ

እኔ ተቀምጬበት ነው የምነግራችሁ። ቦታው ኮምቦልቻ ነው፣ ልጅ ሆነን እሁድ እሁድ ከደሴ እንወርድበት የነበረ መዝናኛ ግቢ። ስሙ ይቅር። 26 ዓመቴ ነው፣ መቀመጫው ደግሞ ለ6 ዓመት ልጅ ነው የተሠራው። መግባቱን ገባሁ፣ መውጣቱ ላይ ነው ጉዱ። ጥበቃው ከሩቅ "እህት! እሱ የልጆች ነው!" ሲለኝ እኔ በሆዴ "እሱማ ገብቶኛል፣ አልወጣ ብሎኝ እኮ ነው" እያልኩ ነው። ነጭ ሱሪዬ ላይ ዝገት ቀረ። በነገራችን ላይ ዝገትን በበረኪና እንዳትሞክሩት፣ ይባስ ይነክሳል። ሎሚና ጨው አድርጋችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት።

ነገሩ የሱሪ ብቻም አይደለም። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ዥዋዥዌ ላይ ወጥቶ ሰንሰለቱ 60 ዲግሪ እስኪያዘነብል ድረስ ቢወዛወዝ፣ ታች ሲደርስ ሰንሰለቱ የሚሸከመው 120 ኪሎ ያህል ነው። እጥፍ ማለት ነው። ያ ሰንሰለት ደግሞ ምናልባት እናንተ ልጅ ሆናችሁ የያዛችሁት ራሱ ነው፣ ስንት ክረምት ዘንቦበታል። ስለዚህ አማራችሁ ብላችሁ አትውጡ፣ በኋላ የሚወድቀው ሌላ ልጅ ነው።

እሺ፣ ታዲያ ምን እናድርግ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ቦታው መኖሩን አረጋግጡ። ይሄ ቀልድ አይደለም። በ2014 ጦርነቱ ደሴም ኮምቦልቻም ገብቶ ብዙ ነገር ወድሟል፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ የኮሪደር ልማቱ መጣ። የልጅነት ቦታዬ ከምላቸው ሁለት ግቢዎች አንዱ ዛሬ የብረታ ብረት ማከማቻ ነው። በሩ ላይ ቆሜ "እዚህ ሸርተቴ ነበር" ስለው ዘበኛው ከላይ እስከ ታች አይቶኝ ዝም አለ። እዚያው ኮምቦልቻ የሚኖር ዘመድ ካላችሁ ደውሉለትና ሄዶ ይየው፣ ሥራ ላይ መሆኑንም ይጠይቅላችሁ።

ቀን ስትመርጡ እሁድ ከቀኑ 9 ሰዓት አካባቢ ይሻላል። እኔ "ግርግር የለም፣ በደንብ አየዋለሁ" ብዬ መጀመሪያ የሄድኩት ረቡዕ ነበር። መብራት ጠፍቷል፣ ሰውየው ደግሞ ለአንድ ሰው ጀነሬተር አላስነሳም አለኝ፣ ልክ ነው። ልጅ የሌለበት ሽክርክሪት ቆሞ ማየት ደስ አይልም፣ የሆነ ልብ የሚያስጨንቅ ነገር አለው። ዓረፋና መስቀል ላይ ደግሞ አትሞክሩት፣ መቆሚያም አታገኙ።

መኪና ቢኖራችሁም በታክሲ ውረዱ፣ መስኮት ጋ ተቀመጡ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆን ነው፣ ግን በሐረጎ በኩል ጠመዝማዛውን ስትወርዱ ከፍታው 600 ሜትር ያህል ይቀንሳል። ለዚህ ነው ጆሮ ድፍን የሚለው። ልጅ ሆኜ ጆሮዬ ድፍን ካለ "ደረስን!" ማለት ነበር፣ ወንድሜ ደግሞ የእሱ ቀድሞ እንደተደፈነ ይምላል። አሁንም እዚያው ዳገት ላይ ድፍን ይላል። እውነቴን ነው፣ ግቢው ውስጥ ካገኘሁት ነገር ሁሉ እንደዚህ ሳይለወጥ የጠበቀኝ የለም። ምራቅ አትዋጡ፣ ትንሽ ቆዩበት። ከደሴ ብርድ ለብሳችሁ የወጣችሁትን ጃኬት ታች ስትደርሱ መጣል ስለሚያምራችሁ ሰፋ ያለ ቦርሳ ያዙ።

ግቢ ውስጥ ስትገቡ ሁሉም ነገር ያጥርባችኋል። "ይቺ ናት እንዴ?" ማለታችሁ አይቀርም። ያኔ ቁጢጥ በሉ። የ6 ዓመት ልጅ ቁመት 1 ሜትር ከ15 ሳንቲ ገደማ ነው፣ ያን ጊዜ ያያችሁት ከዚያ ላይ ነው። የእኔ የትኬት መሸጫዋ መስኮት ነበረች። ብሬን ወደ ላይ እዘረጋለሁ፣ አንድ እጅ ይወጣል፣ ብሩን ይወስድና ሮዝ ወረቀት ይሰጠኛል። የእጁን ባለቤት ፊቱን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። አሁን ስቆም መስኮቷ ደረቴ ጋ ነች፣ ውስጥ አንድ ጎረምሳ ስልኩን ይነካካል። የጫማዬን ክር የማስር መስዬ ቁጢጥ ስል ግን መስኮቷ ወደ ላይ ወጣች፣ አንዲት ልጅ ከጎኔ ብሯን ዘረጋች፣ እጁም ወጣ። ለዚህ ነው የሄድኩት ብላችሁ ያዙት። ፎቶ ካነሳችሁ ግን የሰው ልጅ እንዳይገባባችሁ፣ ወላጆቹ አጠገባችሁ ናቸው።

ዋናው ምክሬ ግን ያኔ የወሰዳችሁን ሰው ይዛችሁ ሂዱ ነው። ጓደኛ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ስትሳሳቁ ትመለሳላችሁ፣ እሱም አይከፋም። በሁለተኛው ጊዜ እኔ እማዬን ይዤ ነው የወረድኩት። ቀጥታ ወደ አንድ አግዳሚ ወንበር ሄደች፣ እኔ እዚያ ወንበር መኖሩንም አላውቅም ነበር። እሷ ደግሞ ሸርተቴው የት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሻይ ይዘን ነበር የሄድነው፣ ፔርሙዙን ከፍተን ተቀመጥን። እንዲህ ስትሄዱ አትቸኩሉ፣ የጥያቄ መዓትም አታውርዱ፣ ራሳቸው ይጀምራሉ።

"አንድ ቀን ሦስቴ ሽክርክሪት ላይ ወጥቼ፣ ስንመለስ በአይሱዙ ጋቢና መጣን፣ ትዝ ይልሻል?" አልኳት። ያቺ ጋቢና ለእኔ የቀኑ ምርጥ ነገር ነበረች። ከፍ ብለን፣ ሐረጎን በመስታወት እያየን፣ ሾፌሩ ጥሩንባውን እንድነካ ፈቅዶልኝ።

እማዬ ሳቀች። "የመልሱን ታክሲ ለሦስተኛው ትኬት ከፍዬው እኮ ነው። አስፋልት ዳር አንድ ሰዓት ቆመን፣ ሾፌሩ የአባትሽ ወዳጅ ባይሆን እዚያው ማደራችን ነበር። አንቺ ታለቅሻለሽ ብዬ 'አብሽሪ፣ ዛሬ በትልቅ መኪና ነው የምንሄደው' አልኩሽ።"

እንግዲህ የመልሱን ብር ከሌላው ለይታችሁ ለብቻ ኪስ አስቀምጡ፣ ሲመሽ ወደ ደሴ የሚወጣ ታክሲ ይሳሳል።