ስኪ ወይስ ሌላ ስፖርት? ቀድማችሁ አስሞክሯቸው

እናትና አባት ስኪ (እግር ላይ በሚታሰሩ ረጃጅም መንሸራተቻዎች በረዶ ላይ መንሸራተት) ስለሚወዱ ብቻ ልጆቹም ይወዱታል ማለት አይደለም። አንዱ በረዶ ላይ ሲንሸራተት ደስታውን አይችለውም። እህቱ ግን ብርዱን ትጠላለች፤ ልቧ ያለው ዋና ላይ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው።

ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ተከራዩ። የልጅ እግር ቶሎ ያድጋል። ግን «ለከርሞም ይሆነዋል» ብላችሁ ሰፊ የስኪ ጫማ እንዳታደርጉለት። እግሩ ውስጡ ከተንቀሳቀሰ ስኪውን መቆጣጠር ያቅተዋል። ሄልሜት የግድ ነው።

የመጀመሪያውን ትምህርት ለአሰልጣኝ ተዉት። ብዙ ልጅ ወላጁ ሲያስተምረው ይነጫነጫል፤ ከእኩዮቹ ጋር ሲሆን ይበረታል። በአንድ ቀንም አትፍረዱ። ብዙ ጊዜ የሚያስጠላው ስፖርቱ ሳይሆን የራሰ ጓንትና የቀዘቀዘ ጣት ነው! እጁ ሞቆ፣ ሆዱ ጠግቦ ደግማችሁ ሞክሩ። ያኔም እምቢ ካለ እመኑት።

«ስኪ ወይ እግር ኳስ፣ አንዱን ምረጥ» ብሎ ማስጨነቅም አያስፈልግም። ስኪ የበረዶ ወቅት ስፖርት ነው፤ በሌላው ጊዜ ሌላ መጫወት ይቻላል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር፣ በአንድ ስፖርት ብቻ መወሰን ቢያንስ እስከ 15 ወይም 16 ዓመት ቢቆይ ይሻላል ብሏል።

ቤተሰቡ ለስኪ ሲወጣ ስኪ የማይፈልገው ልጅስ? በረዶ ላይ ተቀምጦ ሸርተቴ ይጫወት፣ ወይም በእግሩ ይንሸራሸር። እናትና አባት ተራ በተራ አብረውት ይዋሉ። ያ ሰዓት የእሱ ነው፤ «ምነው አንተም ብትሞክር» እያላችሁ አታበላሹበት።