የጅማን ገበያና ጎዳና መሣል፤ ከሱዲር ፓትዋርዳን ሥራዎች በመነሣት

ከተማን በነዋሪዎቿ የሰውነት አቋም በኩል መሣል የሚፈልግ ጀማሪ ከሕንዳዊው ሠዓሊ ከሱዲር ፓትዋርዳን ሥራዎች ብዙ ሊማር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1949 በፑኔ ከተማ የተወለዱት ፓትዋርዳን ሕክምና ተምረው፣ በሙምባይ አጠገብ በምትገኘው ታኔ እስከ 2005 ድረስ በራዲዮሎጂ ሐኪምነት የሠሩ ሲሆን፣ ሥዕልን የተማሩት በራሳቸው ጥረት ነው። በሸራዎቻቸው ላይ የሚበዙት የባቡር ተሳፋሪዎች፣ የቀን ሠራተኞችና የሠፈር ነዋሪዎች ናቸው።

በጅማ መጀመር የሚሻለው ከሄርማታ መርካቶ ነው። ተሸካሚዎች ጆንያ የሚያወርዱበትን ጥግ ይፈልጉና ቡና ከምታፈላ ሴት ዘንድ በርጩማ ላይ ይቀመጡ፤ ቡና ማዘዝ አይርሱ፣ ዝም ብሎ ሰው ላይ የሚያፈጥ በጥርጣሬ ይታያልና። የሚሣሉት ሰው ካስተዋለዎ ደብተሩን ያሳዩት፤ ካልወደደም ይተዉት።

ፊትን ለጊዜው ይለፉ። በለስላሳ እርሳስ፣ ለምሳሌ በ4ቢ፣ የጀርባውን መስመር ከማጅራት እስከ ወገብ ሳያቋርጡ ይሳቡና ክብደቱ ያረፈበትን እግር ይፈልጉ። ባዶ እጁን በአንድ እግሩ ተደግፎ የቆመ ሰው ከአንገቱ ሥር ቁልቁል የሚወርደው መስመር ወደዚያው እግር ይጠጋል፤ ጆንያ በጀርባው የተሸከመ ግን የራሱና የጭነቱ ክብደት ተደምሮ በእግሮቹ ላይ እንዲያርፍ ወደ ፊት ስለሚያጎነብስ፣ ጭንቅላቱ ከእግሩ ጣቶች አልፎ ይታያል። ይህ ካልተጠበቀ፣ ፊቱ ምንም ያህል ቢያምር፣ ጆንያው ባዶ ይመስላል። የሰውን አካል በኤክስሬይ ሲያነቡ የኖሩት ሐኪም የሣሏቸው ሰዎች በሸራ ላይ እንዲህ ጠንክረው የሚቆሙት፣ በእኔ ግምት፣ ያለ ምክንያት አይደለም።

ቀጣዩ ሥራ ንድፎቹን በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ማገናኘት ነው። ፓትዋርዳን «ሎወር ፓሬል» በተሰኘው ሥዕላቸው የጥጥ ፋብሪካዎች ሠፈር የነበረውን የሙምባይ ክፍል በሰፊው አሳይተዋል። እርስዎም በጅማው ፈረንጅ አራዳ ሠፈር ከአንድ ፎቅ በረንዳ ላይ ሆነው ጎዳናውን ቁልቁል ይንደፉና፣ እሱን ከላይ፣ በገበያው የተነደፉትን ሰዎች ከፊት አድርገው፣ ሁለቱን በአንድ መንገድ ያያይዙ። መጠን እንዳይዛባ ባጃጅን መለኪያ ያድርጉ፤ ጣሪያው ከቆመ ጎልማሳ ቁመት ብዙም አይርቅምና።

ቀለም የሚከተለው ከዚህ በኋላ ነው። በክረምት የጅማ አየር እርጥብ ስለሚሆን የዘይት ቀለም ቶሎ አይደርቅም፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ንብርብር በስሱ ይቀቡና፣ ሲነካ ጣት ላይ መያዙን እስኪተው ጠብቀው ወፍራሙን ያስከትሉ።