በጽሞና ጊዜ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

ከእግዚአብሔር ጋር ለብቻቸው ለመሆን የሚጀምሩ ብዙ ክርስቲያኖች ቶሎ ይተዉታል። ፍላጎት ጠፍቶ አይደለም። ከጽሞና የሚጠብቁት ሌላ ስለሆነ ነው።

ትልቁ ስህተት ሐሳብ ሲበታተን «ይሄ ለእኔ አይሆንም» ብሎ መነሣት ነው። ዝም ስንል ያላለቀ ሥራ፣ የቆየ ቂም፣ የነገ ጭንቀት ተሰልፈው ይመጣሉ። ዝምታው አላመጣቸውም፤ ድሮም ነበሩ። ሁካታው ነው የሸፈናቸው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው መነኩሴ ኢቫግሪዮስ እነዚህን ሐሳቦች በስምንት ከፍሎ ጽፎባቸዋል። ከመካከላቸው ስለ አንዱ፣ ስለ መሰላቸት፣ ሲጽፍ ፀሐይዋ አልሄድ ብላ የቆመች የምትመስለውን፣ አሁንም አሁንም ወደ መስኮት የሚያይ መነኩሴ ይገልጻል። በረሃ የገቡትም እንዲህ ከተፈተኑ እኛ ለምን እንደነግጣለን? ሐሳቡን አትታገሉት። የተቀየማችሁት ሰው ትዝ ካላችሁ ስሙን ለእግዚአብሔር ንገሩት። ከዚያ ወደ አንድ አጭር ቃል ተመለሱ፤ «ጌታ ሆይ፣ ማረኝ» ይበቃል። መቶ ጊዜ ከሄዳችሁ መቶ ጊዜ ተመለሱ። ጸሎቱ ይኸው መመለሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሌላው የተለየ ድምፅ ወይም ስሜት መጠበቅ ነው። ኤልያስ በኮሬብ የሰማውን «ትንሽ የዝምታ ድምፅ» ሁላችንም እናስታውሳለን። ከዚያ በፊት የሆነውን ግን እንዘለዋለን። በ1ኛ ነገሥት 19 መጀመሪያ ከዛፍ ሥር ተኛ፤ መልአኩ ቀስቅሶ አበላው፤ ደግሞ ተኛ፤ ደግሞ በላ። ከዚያም 40 ቀንና ሌሊት ሄደ። ስለዚህ ደክሟችሁ ከሆነ መጀመሪያ ተኙ። ምንም ሳይሰማችሁ ያለፈው ጊዜም አልባከነም፤ በእግዚአብሔር ፊት ነበራችሁ።

ከአቅም በላይ መጀመርም አለ። ገና በመጀመሪያው ሙሉ ቀን ከምትሞክሩ በየቀኑ 10 ደቂቃ ይሻላል። ስልኩን ደግሞ ሳይለንት ማድረግ ብቻ አይበቃም፤ ሌላ ክፍል አስቀምጡት። ዝምታውን በመዝሙርና በስብከት መሙላትም ያው ነው። መልካም ናቸው፣ ግን ሌላ ሰዓት አላቸው።

ከሰው መሸሽን ጽሞና ብሎ መጥራት ግን አደገኛ ነው። ከትዳር ጓደኛ ጋር ተጣልቶ በር ዘግቶ «እየጸለይኩ ነው» ማለት ጽሞና አይደለም፤ በማቴዎስ 5፥24 ጌታ መጀመሪያ ሂድና ታረቅ ይላል። እሱ ራሱ ደቀ መዛሙርቱን ለዕረፍት ወደ ምድረ በዳ ሲወስዳቸው ሕዝቡ ቀድሞ ደረሰ። አላባረራቸውም፤ አዘነላቸው፣ አስተማራቸውም። የግብፁ መነኩሴ አባ እንጦንስም ወደ 20 ዓመት ገደማ ለብቻው ከኖረ በኋላ ወጥቶ ያዘኑትን አጽናንቷል፣ የተጣሉትን አስታርቋል። የእናንተን ጽሞና መመዘን ከፈለጋችሁ፣ ከክፍሉ ስትወጡ መጀመሪያ ለሚያናግራችሁ ሰው እንዴት እንደምትመልሱ ተመልከቱ።

አንድ ነገር ግን በጣም ያሳስበኛል። በከባድ ሐዘን ወይም ተስፋ በመቁረጥ ውስጥ ላለ ሰው «ብቻህን ሁን» ብሎ መምከር ሊጎዳው ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ጽሞናውን ያሳጥር። ለንስሐ አባቱ፣ ለመጋቢው ወይም ለሚያምነው ወዳጅ ይንገር፤ ሕክምናም ካስፈለገው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ።